የፕሪያምን ልመና በራሱ በሆሜር ቋንቋ

ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡት ስለ ትምህርት ምርጫ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለ ነርሲንግና ስለ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የማስተምረውን ጥንታዊ ግሪክ ግን ማንም ስለማያነሳላችሁ፣ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ ለሱ አውለዋለሁ።

በቀጥታ ወደ ኢሊያድ፣ የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት ወደ ገጠመው ረጅም ግጥም ልውሰዳችሁ፤ ወደ መጨረሻው፣ ወደ 24ኛው ክፍል። የግሪኮቹ ጀግና አኪለስ የትሮዩን ጀግና ሄክቶርን ገድሎታል። ሬሳውን ከሠረገላው ጋር አስሮ ጎትቶታል። አላስቀብርም ብሏል። የሄክቶር አባት፣ ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም፣ የልጁን ሬሳ ማስለቀቂያ ሀብት አስጭኖ በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ይሄዳል። አኪለስ እራቱን ገና በልቶ መጨረሱ ነው። ሽማግሌው ሳይታይ ይገባና የአኪለስን ጉልበት ይይዛል።

አሁን ሆሜር የሚያደርገውን ልብ በሉ። «እጆቹን ሳመ» ይልና ስንኙ ያበቃል። ቀጣዩ ስንኝ «አስፈሪዎቹን፣ ሰው ገዳዮቹን፣ ብዙ ልጆቹን የገደሉበትን» ብሎ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሽማግሌው ሲስም ታያላችሁ። እነዚያ እጆች ምን እንደሠሩ የሚነገራችሁ ከተሳሙ በኋላ ነው። በአማርኛ ወግ «ብዙ ልጆቹን የገደሉበትን እጆች ሳመ» ስንል ነገሩ ይገለበጣል፤ ግድያው ቀድሞ ይመጣል፣ መሳሙ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ታሪኩ ያው ነው። ድንጋጤው ግን የለም። ይህንን ተርጓሚው ስለሰነፈ አይደለም ያጣነው። ቋንቋው ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ለማግኘት ቋንቋው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ከዚያ ፕሪያም አፉን ይከፍታል። የመጀመሪያ ቃሉ «አስታውስ» ነው። አባትህን አስታውስ። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለአባቱና ለሞተው ወዳጁ።

ብዙዎቹ አሜሪካውያን ተማሪዎቼ ጉልበት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የሚማሩት ከግርጌ ማስታወሻ ነው። እናንተ ግን ሙሽሮች የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት። ደም የተቃቡ ሰዎችን ለማስታረቅ ሽማግሌ እንደሚላክም ከቤት ሰምታችኋል። ይህን ክፍል ስታነቡ ከማንም ቀድሞ የሚገባችሁ ነገር አለ።

ደግሞም ግሪክኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የነጋዴዎች የባሕር መመሪያ፣ በቀይ ባሕሩ ወደብ በአዱሊስ በኩል ያለውን አገር የሚገዛው ዞስካሌስ የግሪክ ጽሑፍ ዐዋቂ እንደነበረ ይናገራል። አክሱም ላይ የቆመው የኢዛና ድንጋይ አንደኛው ጽሑፉ ግሪክኛ ነው። ግእዝ መጽሐፍ ቅዱስን ያገኘውም ከግሪክኛ ነው።

ትምህርቱ ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። 24ቱ ፊደላት በአንድ ሳምንት ይያዛሉ። ግሱ ነው ፈተናው። የቅኔ ተማሪ ግስ እንደሚያወርደው ዓመቱን ሙሉ እየደጋገሙ ማለት ነው። እዚህ ላይ አማርኛ የሚናገር ልጅ ይቀናዋል። «መጣች» ስንል ማን እንደመጣች ግሱ ራሱ ይነግረናል፤ ግሪክኛም በግሱ ውስጥ ባለቤቱን ይይዛል። «ቤቱን» የምትለዋ «ን» የምትሠራውን ሥራም ግሪክኛ የስሙን መጨረሻ በመቀየር ይሠራዋል። በሁለተኛው ዓመት መዝገበ ቃላት ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ፤ አንድ ምሽት ሙሉ ለሃያ ስንኝ። የሊድልና የስኮት የግሪክኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ በነፃ ይከፈታል።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልንገራችሁ። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ከተመሠረተ ጀምሮ ግሪክና ላቲን ሲያስተምር ኖሯል። ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰን እዚያ እንግሊዝኛ ስታጠና ይህንንም ጎን ለጎን ተምራለች። ፕሮፌሰር ፍራንክ ስኖውደን ጥቁር ሰዎች በግሪክና በሮም ዓለም የነበራቸውን ቦታ ከጽሑፉም ከሥዕሉም ያሳዩት እዚያ እያስተማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ የትምህርት ክፍል እንዲዘጋ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ የጥንቱን የግሪክና የሮም ዓለም በዋናነት የሚያጠኑ ተማሪዎች ግሪክ ወይም ላቲን እንዲማሩ የሚያስገድደውን ደንብ አነሳ። ዓላማው ቀድሞ ዕድሉን ላላገኙ ልጆች በር መክፈት ነው። ዓላማውን አከብራለሁ፤ በውሳኔው ግን አልስማማም። ዕድሉን ላላገኘ ልጅ የሚያስፈልገው ከዜሮ የሚያስጀምረው መምህር ነው። ቋንቋው ቢቀርብህም ግድ የለም ብሎ መሸኘት ለሱ ማዘን አይደለም።

ወላጆች፣ «ይሄ ምን እንጀራ ይሆናል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚህ አገር የሚፈለጉትን የሳይንስ ኮርሶች ያሟላ ተማሪ፣ ዋና ጥናቱ ግሪክ ቢሆንም ሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከት ይችላል። ከሌላ ሙያ ጋር አጣምሮ መያዝም ይቻላል። እኔ ግን የምመክረው ለሥራ ማመልከቻ ያምራል ብዬ አይደለም። ልጆቻችሁ ፕሪያም የተናገረውን፣ ማንም ሳያሳጥርባቸውና ሳያለሰልስላቸው፣ እሱ ባለው ቅደም ተከተል እንዲሰሙት ስለምፈልግ ነው።

ተማሪዎች፣ ጀማሪ ግሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በትምህርት ዓመቱ መግቢያ ላይ ብቻ ነው። ካመለጣችሁ ዓመት ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ስትመዘገቡ አሁኑኑ ፈልጉት። ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ ብታገኙ አትደንግጡ፤ መምህሩ እያንዳንዳችሁን በየቀኑ ጮክ አድርጎ ሊያስነብባችሁ ይችላል ማለት ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ ስንጨርስ እዚሁ እቆያለሁ። ፊደሉን ዛሬውኑ መጀመር የሚፈልግ ካለም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ።

አመሰግናለሁ።