የዚያች ልጅ እጅ

እንዴት ናችሁ? ቴርሞሱ አጠገቤ አለ፣ ዛሬ ግን አልከፈትኩትም። እዚህ በርሊን ከእኔ በታችኛው ፎቅ ስለሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ስለ እማማ ነው የማወራው። አዎ፣ ስለ እሳቸው።

የሶቪየት ጦር መታሰቢያ ካለበት ከትሬፕቶው ፓርክ ስመለስ በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። 12 ሜትር የሚሆን የነሐስ ወታደር ነው። በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራ ክንዱ ትንሽ ልጅ፣ ከእግሩ ሥር የተሰባበረ ስዋስቲካ፣ የናዚዎች ምልክት። እማማ ወታደሩን አላዩትም። ፎቶውን በሁለት ጣታቸው አሰፉት። ደረቱ ላይ የተለጠፈችው የልጅቷ እጅ ስክሪኑን ሞላችው።

"አደገች?" አሉኝ።

አደገች? እኔ እኮ ስለ ወታደሮቹ ነው ሳነብ የከረምኩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራላችሁ። የሶቪየት 284ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ሳይቤሪያ ቶምስክ ላይ የተደራጀው። ሴፕቴምበር 1942 ቮልጋን ተሻግሮ ስታሊንግራድ ገባ። እዚያው ከተማዋ ውስጥ ማማዬቭ ኮረብታ ላይ ተዋጋ። አልሞ ተኳሹ ዛይትሴቭ የዚህ ክፍለ ጦር ልጅ ነው። አዛዡ ባትዩክ ከዚያ ሁሉ እሳት ተርፎ፣ 1943 በጋ ላይ ልቡ ከዳውና ሞተ። ይሄ ሰውዬ ለብቻው አንድ ክፍል ይገባዋል። እሺ፣ ልመለስ። በ1943 "79ኛ ጋርድ" የሚል የክብር ስም ተሰጣቸው፣ እየተዋጉ በርሊን ደረሱ።

ኤፕሪል 30 ቀን 1945። በርሊን ውስጥ ላንድቬር የሚባለው የውሃ ቦይ ጋ ናቸው። መድፉ ሊተኮስ ደቂቃዎች ቀርተውታል። ከድልድዩ በኩል ልጅ ታለቅሳለች። የ220ኛው ሬጅመንት ባንዲራ ያዥ ሳጅን ኒኮላይ ማሳሎቭ እየተሳበ ሄደ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ አጠገቧ ሞታለች። አቅፎ ይዟት ተመለሰ። ለሌሎች ሰጣትና ወደ ውጊያው ገባ። ከዚያ መድፉ ተተኮሰ።

ሁሌም እዚህ ጋ ነው የምቆመው። ከዚያ መድፉ ተተኮሰ። ከቦዩ ማዶ ሌላ የሚያለቅስ ልጅ አልነበረም?

ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያያዘው የትሬፕቶው ሐውልት በ1949 ተመረቀ። ቀራፂው ቩቼቲች ማማዬቭ ኮረብታ ላይ ሰይፍ የመዘዘችዋንም ሴት የሠራ ነው። ክፍለ ጦሩ ከጦርነቱ በኋላም እዚሁ ጀርመን ቀረ። የታንክ ክፍለ ጦር ሆነ፣ ዬና ከተማ ሰፈረ። የወጣው ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሃዱ በኋላ ነው። እማማ አድገው፣ ወልደው፣ ክፍለ ጦሩ ገና አልሄደም ነበር።

ወደ በሩ ልመለስ። ዝም ስል እሳቸው ቀጠሉ። "እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ምድር ቤት ነበርን፣ ከእናቴ ጋር።"

እዚያ ላይ አቆሙ። ስለ እናታቸው ምንም አልጨመሩም። በዚያ ሰሞን የቀይ ጦር ወታደሮች በርሊን ውስጥ ብዙ ሴቶችን ደፍረዋል። ቃሉን ላለዝበው አልፈልግም። አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ? አይመስለኝም። ወይም ደግሞ… እንጃ። ማሳሎቭን እወደዋለሁ፣ ከልቤ ነው የምላችሁ። ግን ፎቶውን ለእሳቸው ማሳየት…

ትናንት ደረጃው ላይ ተገናኘን። "ያ ፎቶ አለህ?" አሉኝ። አለ አልኳቸው። እጇን ብቻ ቆርጬ ላሳትምላቸው አሰብኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። ከየት ጋ ነው የምቆርጠው? እጇ እኮ ደረቱ ላይ ናት…