ካዛንቺስን በወረቀት ላይ እናስፍራት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሰፈራችን ልጆች፣ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም አደረሳችሁ። ሰፈራችን ሲነሳ ከተዛወራችሁበት ከገላን ጉራ ማልዳችሁ ተነስታችሁ የመጣችሁ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይድረሳችሁ።

የሥራና የሂሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባል። እኔ ስለ ካዛንቺስ ራሷ ጥቂት ልበል።

ሰፈራችን ከእንጦጦ ወደ ቦሌ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ግርጌ በስተምሥራቅ ናት። ከላይ አዋሬ፣ ከታች ኡራኤል ያዋስኗታል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ኢንቺስ የተባለው የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ድርጅት እዚህ ቪላዎች ሠራ። ካዛ በጣሊያንኛ ቤት ነውና፣ ስሟም ከዚያ፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» ወጣ። ስሙ ከወራሪ መምጣቱ የሚከነክናቸው ወዳጆች አሉ። ጣሊያን ግን በ1933 ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ወልደን ከብደን የኖርንባት እኛ ነን። ስሙም የእኛ ነው።

በ1953 አፍሪካ አዳራሽ ደጃችን ላይ ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው ነው። ይህ በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ አይጠፋም።

የሚያሳስበኝ ያልተጻፈው ነው። ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ የግቢዎቻችን መልክ ተለወጠ። የእኛን ግቢ ልንገራችሁ። ፊት ለፊት የድንጋዩ ቪላ ነበር፤ ሁለት ቤተሰብ ተካፍሎታል። ከጀርባው የጭቃ ሰርቪስ ቤቶች ተደርድረዋል። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቆጣሪውም አንድ። የመብራት ሂሳብ ሲመጣ በአምፖል ቁጥር እንካፈላለን። ሬዲዮ ያለው ትንሽ ይጨምራል። ማታ ማታ ከአዝማሪ ቤቶቹ የማሲንቆ ድምፅ ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለውን ኑሮ የትኛው ካርታ ያሳያል? ከፊቱ ያለው ቪላ ፕላን ነበረው፤ ከጀርባ ያለችው ክፍል የምትታወቀው በኖሩባት ሰዎች ብቻ ነው።

በ2017 ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ተበታተንን። አንዳንዶቻችን ለስንት ዓመት ቡና የተጠራራን ጎረቤታሞች ዛሬ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ነው። ቤቶቹን መመለስ አንችልም። ማን የት እንደነበር ግን ዛሬም እናውቃለን፤ የሚያስታውሱ እናቶቻችንም አብረውን አሉ። ስለዚህ ኮሚቴው የዘንድሮ ዋና ሥራችን የሰፈሩን ካርታ ከትዝታችን መሥራት እንዲሆን ወስኗል።

ከአዳራሹ ጀርባ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተሰቅሏል። ዋና ዋና መንገዶቹ ተሥለዋል፤ ሌላው ባዶ ነው። ቤታችሁን፣ የቀኝና የግራ ጎረቤታችሁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሱቁን፣ ጠላ ቤቱን ሙሉበት። በሰርቪስ ቤት የኖራችሁ ቅድሚያ አላችሁ። የማትስማሙበት ቦታ ካለ ሁለቱንም ጻፉ፤ ቆይተን እናጣራለን። መጻፍ ለሚከብዳቸው ልጆቻችን እስክሪብቶ ይዘው እዚያው ቆመዋል። ፎቶ ያላችሁ ለጸሐፊያችን ስጡ፤ ኮፒ ተደርጎ ዛሬውኑ ይመለስላችኋል።

ስብሰባው ተከፍቷል።