«ወረቀት ይዘው ይምጡ»፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

አዳራሹን ያለ ኪራይ የሰጡንን፣ ከማለዳ ጀምረው ወንበር የደረደሩትን ልጆች፣ ሻይ ያፈሉትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ጸሐፊያችን አረጋግጠዋል። ለጥቂት ነው የተሟላው። ሁለት ሰዎች በስልክ ተለምነው መጡ፤ እነሱንም አመሰግናለሁ።

የሥራ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። ማእድ ቤታችን አንድም ቅዳሜ ሳይዘጋ ዓመቱን ጨርሷል። የጋራ ጓሯችን ሁለት ጊዜ አብልቶናል። ከነጋዴዎች የተረፈውን አትክልትና ዳቦ ሳይበላሽ እየሰበሰብን አከፋፍለናል። መጋዘኑ መደርደሪያ ገብቶለታል። ወጣቶቻችን የምግብ አያያዝ ሥልጠና ወስደዋል። አጨብጭቡ፣ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ዓመቱን ገፍቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን አልችልም። የወረቀቱን ጉዳይ ነው የምለው።

ባለፈው ጉባኤ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አንድ ውሳኔ አሳለፍን። ከእኛ ምግብ የሚወስድ ሰው ሁሉ አቅም እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ ይምጣ አልን። እኔ ተቃውሜ ነበር፤ ተሸነፍኩ። ውሳኔ ውሳኔ ነውና አስፈጸምኩ።

ውሳኔው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። መኪና ይዞ መጥቶ ሦስት ከረጢት ጭኖ የሄደውን ሰውዬ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ስንቱ ባዶ እጁን በተመለሰበት ቀን ነው ያደረገው። እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር። ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ምናልባት ብልጣብልጥ ነው። ምናልባት መኪናው የሰው ነው፣ ከረጢቶቹም ለሦስት ቤት ናቸው። የጠየቀው የለም። በእሱ ምክንያት ግን ሌላውን ሁሉ ልንጠይቅ ተነሣን።

ደብዳቤው በተጀመረበት የመጀመሪያው ቅዳሜ መመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት መጡ። ፌስታላቸውን አራት ቦታ አጥፈው መዳፋቸው ውስጥ ይዘውታል፤ ዳሩ ብቻ ነው የሚታየው። መዝጋቢው ልጅ በትሕትና፣ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው።

«ማስረጃ ይዘዋል?»

«የምን ማስረጃ?»

«አቅም እንደሌለዎት የሚገልጽ።»

እናትየው ዞር ብለው ሰልፉን አዩ። ሦስት ሰው አለፍ ብሎ የሚያውቁት ሰው ቆሟል። «እኔ እንኳ ለራሴ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉ። ፌስታላቸውን አንድ ጊዜ ደግመው አጠፉትና ሄዱ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የዳቦ ሣጥን የምቆጥር መሰልኩ። ሣጥኖቹ የተቆጠሩት ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር።

ያቺን ቅዳሜ ልረሳት አልቻልኩም። እናትየውም ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ሰልፉ አጠረ። አንድ አባላችን በስብሰባ ላይ «አያችሁ፣ አጭበርባሪው ራሱ ወጣ» አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔ ግን ሰልፉ ላይ ቆሜ የነበርኩ ሰው ነኝ። ባለ መኪናው ዓይነት ሰው ደብዳቤ ማስጻፍ አያቅተውም፤ ቢሮ ለቢሮ መዞር ያውቅበታል፣ ሰውም አለው። የሚቀረው የቀን ሥራውን ትቶ መዞር የማይችለው ነው። ልጅ አዝሎ ወረፋ መጠበቅ ያቃታት ናት። ከሁሉም በፊት የሚቀረው ደግሞ የሚያፍረው ነው። ስም ዝርዝር ስናጠራ ያለ አግባብ የገባውን ለመያዝ እንጂ ያለ አግባብ የቀረውን ለማግኘት አናስብም። የገባው ይታያል። የቀረው ቤቱ ነው ያለው።

የምግብ ባንክ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የምታውቁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ አቋቋመ። ሐሳቡን ያገኘው፣ እሱ ራሱ ይናገር እንደነበረው፣ ሱቆች ከሚጥሉት ምግብ እየለቀመች ልጆቿን ከምታሳድግ እናት ነው። ያለው የሚያስቀምጥበት፣ የቸገረው የሚያወጣበት እንደ ባንክ ያለ ቦታ ቢኖር ብላው ነበር። ባንክ ገብቶ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አንገቱን አይደፋም። እሷ የፈለገችው ይህንን ይመስለኛል። ሐሳቡን ያመነጨችው ከተራቡት ወገን የሆነች ሴት ናት። በእኛ ኮሚቴ ውስጥ ከእኛው መጋዘን ምግብ ወስዶ የሚያውቅ ሰው አለ? የለም። አምና ጠይቄ ነበር፣ ዘንድሮም እጠይቃለሁ።

ሌላም ልጨምር። በብራዚል የቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለምግብ ጉዳይ ብቻ የቆመ የከተማ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። በድጎማ ርካሽ ምሳ የሚሸጡ የሕዝብ ምግብ ቤቶችንም ከፈተች። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ መንገድ አዳሪው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይበላል። ስለዚህ እዚያ ትሪ ይዞ የተቀመጠን ሰው አይቶ ደሃ ነው አይደለም ብሎ መለየት አይቻልም። እኛ የከተማ አስተዳደር አይደለንም፣ በጀቱም የለንም። ያንን በር ግን እኛም መክፈት እንችላለን። በር መክፈት በጀት አይጠይቅም።

«ለሁሉም ከተከፈተማ ይለቅብናል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል፣ መጋዘናችን ትንሽ ነው። ግን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣውን ሪፖርት ተመልከቱ። በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ለተጠቃሚው ከቀረበው ምግብ 19 በመቶው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ የሚሆነው የባከነው በየሰዉ ቤት ነው። እንግዲህ ዋናው ችግር የምግብ እጥረት አይደለም። እጥረት ያለው የሚሰበስብ፣ የሚያቀዘቅዝ፣ የሚያደርስ ሰው ላይ ነው። እኛም ያጣነው እሱን ነው።

ማቀዝቀዝ ካልኩ አይቀር ፍሪጁን ላንሣ። ትልቁ ፍሪጅ ከተበላሸ ወራት ተቆጥረዋል። የበሰለ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ ካልተያዘ፣ በክፍሉ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ማቆየት አይቻልም። ሥልጠናው ላይ የተነገረን ይኸው ነው። አንድ ማታ አንድ ሙሉ ድስት በገዛ እጃችን ደፍተናል። ስንደፋ ማንም አልተናገረም። በዚያው ሰሞን አንድ ለጋሽ ድርጅት ለምልክት ሰሌዳና ለባነር ገንዘብ ሰጠን። ሰሌዳው ያምራል፣ ስትገቡ አይታችሁታል። ለፍሪጅ ጥገናና ለመብራት ክፍያ ስንጠይቅ ግን «እሱ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው፣ አንሸፍንም» አሉን። ከሰሌዳው ሥር የበሰበሰ ምግብ አናከፋፍል! በወር መዋጮው ፍሪጁን ማሠራት እንችል ነበር። መዋጮውን የከፈለ ከግማሽ በታች ነው። ገንዘብ ያዣችን ስም ዝርዝሩን ይዘውታል። እንዲያነቡት አላደርግም። አምና ሲነበብ ምን እንደተፈጠረ ታውቃላችሁ።

ዛሬ እዚህ ላልተገኙት ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ንግግሩ በቴሌግራም ግሩፓችን ስለሚለቀቅ ይደርሳቸዋል።

ወዳጆቼ፣ ባለፈው ዓመት ስለ ወረቀቱ ድምፅ ሲሰጥ ያን ሁሉ እጅ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ቆጥሬያለሁ፣ ውጤቱን የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንዳችሁንም ቅዳሜ አላየኋችሁም። ማስረጃ ይጠየቅ ያላችሁት እናንተ፣ «ማስረጃ ይዘዋል?» ብሎ የሰው ዓይን እያየ የጠየቀው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። እሱም በሦስተኛው ሳምንት «ይቅርታ፣ ይሄን ሥራ አልችልም» ብሎኝ ወደ ጓሮው ተዛወረ። አሁን አረም ይነቅላል። ደስተኛ ነው። በነገራችን ላይ ጓሮው ውስጥ ለአረም ሁለት ሰው፣ ለመልቀም ቀን ሃያ ሰው ነው የሚመጣው። ካሜራ ላለበት ቀን ደግሞ ሠላሳ።

የቆየ ቂም የለኝም። ከእናንተ መካከል ይህን ማኅበር አብረን የመሠረትን አለን። ከቤታችሁ ድስት አምጥታችሁ ያበሰላችሁ፣ ዝናብ እየመታችሁ ጆንያ የተሸከማችሁ ናችሁ። አንዳችሁን በስሟ ብጠራት ትቀየመኛለች፤ ራሷን ታውቃለች። ድስቷ አሁንም ማእድ ቤታችን ውስጥ አለ፣ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ነይና ውሰጂው አልልሽም፤ ነይና ጣጂው ነው የምልሽ።

አንድ ነገር ላስታውስና ወደ አጀንዳ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 25 ላይ ምግብን ማንኛውም ሰው ካለው መብት ጋር ይጠቅሰዋል። ማመልከቻ ስላስገባ ሰው አይልም። ይህን ብዬ ስከራከር «ሰብሳቢያችን ሕግ ጠቃሽ ሆነ» ተብሎ ተቀልዶብኛል፤ ይሁን።

ሥራ አስፈጻሚው ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ አራተኛው አጀንዳ ላይ ነው። ደብዳቤው ይቅር። በምትኩ ስምና የቤተሰብ ብዛት ብቻ ይመዝገብ። ብዙ ከረጢት የሚወስድ ሰው ካለ ከተራ አስተናባሪዎቹ አንዱ ገለል አድርጎ፣ ሰው ሳይሰማ ያናግረው። የሰልፍ ሰዓትም በሁለት ይከፈል፤ ማታ መምጣት የሚፈልግ ማታ ይምጣ። ባልስማማችሁበት ላይ ተከራከሩ፣ ሰዓት አለን። ዘንድሮም ብሸነፍ አስፈጽማለሁ። ግን አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፦ ወረቀቱ ይቀጥል ብሎ እጁን የሚያወጣ አባል ቢያንስ አንድ ቅዳሜ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

የቅዳሜ ተራ ማስያዣው ወረቀት ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክሪብቶው በገመድ ታስሯል፣ ያምናው ጠፍቶብናል። ጸሐፊያችን፣ ያለፈውን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ያንብቡልን።