ለአጭር ኦፕሬሽን ቲዩብ ወይስ ማስክ? ደብረ ብርሃን ላይ ለአንስቴዥያ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ። ከመሃል ሜዳም ከአለም ከተማም ከአጣዬም በዚ ብርድ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ተማሪዎች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፣ ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ለምትፈጅ ኦፕሬሽን፣ ሊፖማ የሚባለውን ከቆዳ ስር ያለ የስብ እብጠት ለማውጣት፣ የተሰበረ እጅ ለማስተካከል፣ የሰውየውን መተንፈሻ በምን እንያዘው? ለሀርኒያ ስፓይናል፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ፣ አለ ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ እኔ የማወራው ስፓይናል ስለማይሆንለት ሰው ነው። ብዙ ቦታ ያየሁት ወይ ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ ሰጥቶ አገጭ ይዞ መቆም ነው ወይ ደሞ ቲዩብ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን፣ መክተት፣ መሀል ላይ ያለው ማስክ፣ ፊት ላይ የሚደረገው ሳይሆን በአፍ ገብቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

ማስኩ አዲስ መጤ አይደለም። አርቺ ብሬን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ላይ በ1981 መሞከር ጀመረ፣ በ1988 ገበያ ወጣ፣ ዘመኑ በፈረንጅ ነው። ቲዩብ የድምፅ አውታሮቹን አልፎ ትራኪያ፣ ዋናው የአየር ቧንቧ፣ ውስጥ ይገባል፣ ማስኩ ግን ከነሱ በላይ ቁጭ ብሎ መግቢያውን ይሸፍናል፣ ስለዚ ላሪንጎስኮፕ፣ ጉሮሮ ማያው መሳሪያ፣ አይፈልግም፣ ጡንቻ የሚያላላ መድሀኒትም አብዛኛውን ጊዜ አይፈልግም፣ ስታስገቡት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ እንደ ቲዩብ አይዘልም፣ ሲነቃም ሳሉና የጉሮሮ ህመሙ ይቀንሳል። አይጄል ደሞ በ2007 የመጣው ሌላው የማስክ አይነት ነው፣ እንደ ብሬን ማስክ ዙሪያውን አየር የሚሞላ ቀለበት፣ ካፍ የምንለው፣ የለውም፣ በጎኑ የጨጓራ ቱቦ የምታሳልፉበት ቀዳዳ አለው። የአይጄል 3 ቁጥር ከ30 እስከ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 4 ቁጥር ከ50 እስከ 90 ኪሎ ነው፣ መሀል ላይ ይደራረባሉ እና ሁለቱንም አጠገባችሁ አድርጉ።

እኛ ሀገር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ከፍታው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሰው ትንፋሹን ካቆመ ሳቹሬሽኑ፣ የደሙ ኦክስጅን መጠን፣ ቆላ ካለው ሰው ቀድሞ ይወርዳል። ኦክስጅኑን ቀድማችሁ በደንብ ካልሰጣችሁ ቲዩብ ፍለጋ ሁለቴ ሶስቴ ስትሞክሩ ሰውየው ከእጃችሁ ይሄዳል። ቲዩብ አልገባ ሲልም እኮ የሚያተርፈው ያው ማስክ ነው፣ በአጭሩ ኦፕሬሽን ያልለመደው እጅ በዛች ደቂቃ ከየት ያመጣዋል?

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ማስክ ከጨጓራ የሚመጣን ነገር ሳንባ እንዳይገባ እንደ ቲዩብ አያግድም። የዛሬ ስንት አመት አንድ የመንዝ አባት ለትንሽ ኦፕሬሽን መጡ፣ "አባባ ቁርስ በልተዋል?" አልኳቸው፣ "ኧረ ምንም አልበላሁም ልጄ" አሉኝ፣ ማስኩን ከተትኩ፣ ትንሽ ቆይቶ በማስኩ ቱቦ ነጣ ያለ ውሃ ወደ ላይ ሲመጣ አየሁ። በሶ ነበር። ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገን፣ በሳክሽን መጥጠን፣ በቲዩብ ቀየርነው፣ ሶስት ቀን በኦክስጅን ተኝተው ዳኑ። ሲነቁ ብንጠይቃቸው "እሷማ መጠጥ ናት፣ ምግብ መች ሆነች" አሉ። እሳቸው አልዋሹኝም፣ ጥያቄዬ ነበር የተሳሳተው። ስለዚ "በልተሃል ወይ" ብላችሁ አትለፉ፣ በሶ ጠጥተዋል? ጠላ ቀምሰዋል? ልጅ ከሆነ እናቱን አጥሚት ሰጥተሽዋል? በሉ። ለውሃ 2 ሰዓት ይበቃል፣ ወተት ለሌለው ቡናም እንደዛው፣ በሶና አጥሚት ግን ምግብ ነው፣ 6 ሰዓት ጠብቁት።

ነፍሰጡር፣ አንጀቱ የታጠፈ፣ ድንገተኛ የመጣና ሆዱ የሞላ፣ እነዚ ላይ ኦፕሬሽኑ አስር ደቂቃም ቢሆን ቲዩብ ነው፣ እዚ ጋር ድርድር የለም። ሰዓቱን ሳይሆን ሆዱን እዩ።

ሌላው ካፍ አነፋፍ ነው። ካፍ ያለው የሲሊኮን ማስክ 4 ቁጥር ላይ 30 ሚሊ ተብሎ የተፃፈው ጣሪያው ነው፣ ሲሪንጁን ሙሉ መግፋት አለብኝ ማለት አይደለም። የካፉ ግፊት ከ60 ሴንቲሜትር ውሃ ካለፈ ጉሮሮውንም ነርቩንም ይጎዳል፣ መለኪያ ከሌላችሁ አየር ማሾለኩ ሲያቆም እናንተም አቁሙ። ሲሊኮኑ ማስክ በአውቶክሌቭ እየተቀቀለ እስከ 40 ጊዜ ያገለግላል፣ ስንቴ እንደገባ መዝግቡ። አይጄል ግን የአንድ ሰው እቃ ነው፣ በረኪና ነክሮ ለሚቀጥለው ማስገባት የለም፣ እጥረቱን እኔም ኖሬበታለሁ፣ ግን ሲሊኮኑን በቁጥር ጠይቁ፣ ሲያልቅ ሳይሆን ሳያልቅ።

እዛ ጥግ ጋ አሻንጉሊቱ ተዘጋጅቷል፣ ሁለቱም አይነት ማስክ፣ ቲዩብና ላሪንጎስኮፕም አለ። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይሞክሩ፣ እኔ አጠገባችሁ እቆማለሁ።