የአንጀት ቁጣ ነው ወይስ ከዚያ የከፋ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 32 ነው፤ የምደውለው ከኮዬ ፈጬ ነው። ሆዴ መነፋትና መቁረጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ቀለል ይለኛል። አንዱን ሳምንት ድርቀት፣ ሌላውን ተቅማጥ። "አሜባ ነው" እየተባልኩ ሜትሮኒዳዞል አራት ጊዜ ወሰድኩ። ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ የነገሩን ሁኔታ አይ ቢ ኤስ ወደሚባለው የአንጀት ቁጣ ያደላል። አንጀቱ አልቆሰለም፤ የተዛባው እንቅስቃሴውና ስሜቱ ነው፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ሕመሙ ከጀመረ 6 ወር ያለፈው፣ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የተሰማ፣ ከሦስት ነገሮችም ሁለቱ ያሉበት፤ ሰገራ ሲወጡ የሚሻል ወይም የሚብስ፣ የሽንት ቤት ምልልሱ የተለወጠ፣ የሰገራው ቅርጽ የተለወጠ።

ይህ ከተሟላ በኋላ የሚቀሩ ጥያቄዎች አሉ። ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል? የአንጀት ቁጣ ባለቤቱ ሲተኛ አብሮ ይተኛል። ሰገራዎ ላይ ደም አይተዋል? ሳያስቡት ከስተው ልብስዎ ሰፍቶብዎታል? ትኩሳት ወይም የደም ማነስ አለ? ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት የአንጀት ካንሰር ነበረበት? ከእነዚህ አንዱ እንኳ "አዎ" ከሆነ "ቁጣ ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ስለ አሜባው፦ ላብራቶሪ "ሲስት" ሲል ያየው ቋጠሮውን፣ ማለትም በልባስ ተሸፍኖ ያንቀላፋውን አሜባ ነው። በሽታ የሚያመጣው አሜባና ጉዳት የሌለው ዘመዱ ቋጠሯቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም። ቀይ የደም ሴል የዋጠ፣ የሚንቀሳቀስ አሜባ ከታየ ግን ወዲያው መታከም አለበት። እሱን ለማየት ፈሳሽ ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ መመርመር ይኖርበታል፤ ከቤት ተይዞ በታክሲ ሰልፍ የዘገየ ናሙና አያገለግልም። እዚያው ጤና ጣቢያው ይስጡ። ሙሉ የደም ምርመራና ሲ አር ፒም (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) ያሠሩ። የሰገራ ካልፕሮቴክቲን (በሰገራ ውስጥ የአንጀት ብግነትን የሚጠቁም ፕሮቲን ምርመራ) ከሚሠራበት ከደረሱ፣ ውጤቱ በግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ የአንጀት ብግነት (አንጀቱ አብጦ መቁሰሉ) የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ቁጥሩን ስለሚያንሩት ወስደው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሁሉም ደህና ከሆነ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ለ4 ሳምንት ቀንሰው ይሞክሩ፤ አምስተኛ ዙር ሜትሮኒዳዞል ግን አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላሞች አረባለሁ፤ 27 ዓመቴ ነው። በስተቀኝ ታች ሆዴን ያመኛል፣ ማታ ያልበኛል፣ በአራት ወር 8 ኪሎ ቀነስኩ። ደም የለም። የአንጀት ቁጣ ተብያለሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህ የአንጀት ቁጣ አይመስልም፤ በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ይሂዱ። በአገራችን በመጀመሪያ የምንጠረጥረው የአንጀት ቲቢን ነው፤ የሚወደውም ቦታ ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበት፣ እርስዎ የሚያምዎት ስፍራ ነው። ክሮንስ የተባለው የአንጀት ብግነትም እዚያው ስለሚቀመጥ ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለክሮንስ የሚሰጠው፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ፕረድኒሶሎን ቲቢ ላለበት ሰው ከተሰጠ በሽታውን ያስፋፋል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ተሠርቶ ከቁስሉ ናሙና ይወሰድ፤ የኤች አይ ቪ ምርመራና የደረት ራጅም ይታከል። ራጁ ንጹሕ ቢሆንም የአንጀቱን ቲቢ አያስቀርም። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ያፍሉት፤ የከብት ቲቢ በወተት ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ስትጠራረግ ቀይ ደም ታያለች። ኪንታሮት ነው ተባለች።

መልስ፦ ኪንታሮት ሊኖር ይችላል፤ መኖሩ ግን ከላይ ዕጢ አለመኖሩን አያሳይም። በዚህ ዕድሜ ደም ከታየ ሐኪሙ በጣት መመርመር፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መኖሩን የሚያሳየውን) ማየት፣ ቀጥሎም ኮሎኖስኮፒ ማዘዝ አለበት። ቀይ ሥር በልተው እንደሆነ ሰገራን ያቀላል፣ የአይረን ክኒንም ያጠቁራል፤ ይህን ቀድመው ይንገሩ። ሆዳቸው ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለና ካስመለሳቸው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።