ጄኔ፦ ውሃ ሲከባት የምትከፈት ከተማ

እንደምን አመሻችሁ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጄኔ ነው። ማሊ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጎግል ብታደርጓት ቀድሞ የሚወጣላችሁ ያ ትልቁ የጭቃ መስጊድ ነው። ያምራል፣ አልክድም። ግን ሰው ሁሉ መስጊዱን አይቶ ዘወር ይላል፤ ከተማዋ ምን በልታ እንደምታድር የሚጠይቅ የለም።

እኔ ከገበያው ልጀምር። ሰኞ ሰኞ መስጊዱ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ በሰው ይሞላል። ቦዞ የሚባሉት ዓሣ አጥማጆች በጭስ ያደረቁትን ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። የከብት አርቢዎቹ የፉላኒዎች ሴቶች ወተት በቅል፣ ገበሬው ሩዝና ማሽላ። እኛ ለፀጉር የምንገዛው ሺያ በተር እዚያ ወጥ ይሠራበታል።

ለምን እዚያ ተገናኙ? መልሱ ውሃው ነው። ባኒ ወንዝ ከደቡብ፣ ከኮትዲቯር በኩል ይመጣና ሞፕቲ የምትባል ከተማ ላይ ከኒጀር ወንዝ ይቀላቀላል። ከዚያ በፊት ግን ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ይተኛል። ክረምቱ ሲያልፍ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆንና ጄኔ ደሴት ሆና ቁጭ ትላለች። ተዘጋች ትላላችሁ አይደል? ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ለጀልባ የምትከፈተው ያኔ ነው። ድሮ ከሰሃራ፣ ከታውዴኒ የተቆረጠ አሞሌ ጨው በግመል ቲምቡክቱ ይገባል፣ ከዚያ በጀልባ ጄኔ ይደርሳል፣ ከደቡብ ደግሞ ወርቅና የኮላ ፍሬ ይመጣና እዚያው ይለዋወጣሉ። ንግዱ አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማዋ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጄኔ ጄኖ የሚባል ፍርስራሽ አለ፤ ሰው የሰፈረበት ከክርስቶስ ልደት በፊት 250 ዓመት ገደማ ነው።

ሩዙ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ገበሬው ዝናቡን ጠብቆ ይዘራል። ቡቃያው ብቅ ካለ በኋላ ጎርፉ ቀስ እያለ መምጣት አለበት፤ ውሃው ከፍ ሲል ሩዙም አብሮ ይረዝማል። ዝናቡ ከዘገየ ዘሩ አይበቅልም፣ ጎርፉ ከቸኮለ ቡቃያው ይሰጥማል። ከብት አርቢው በበኩሉ በክረምት መንጋውን ይዞ ወደ ደረቁ አገር ይወጣና ውሃው ሲሸሽ ለሣሩ ይመለሳል። ያው አንድ መሬት ነው፣ ተራ በተራ ዓሣም ሩዝም ከብትም ያበላል።

አሁን ወደ መስጊዱ እንምጣ፤ ያለዚህ አይገባችሁም ብዬ ነው ያቆየሁት። አሁን የቆመው የተሠራው በፈረንጆቹ 1907 ነው። ግን በየዓመቱ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ እንደገና ይመረጋል። ጭቃው ከወንዙ ዳር ነው። የሩዝ ገለባ ይገባበትና ለቀናት ይቦካል፣ እስኪሸት ድረስ። ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ጎረምሶች በቅርጫት ጭቃ ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ግንበኞቹ ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉትን የዘንባባ እንጨቶች እየረገጡ ይወጣሉ። ጌጥ ይመስሉ ነበር አይደል? መሰላልም ናቸው። ወንዙና ማሳው ባይኖሩ ያ ሕንፃ አይቆምም ነበር።

ከ2012 ወዲህ በአገሪቱ ጦርነት ምክንያት ቱሪስት ጠፋ። በ2016 ዩኔስኮ ጄኔን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባት። ይህ በዜና ተነግሯል። ያልተወራለት የውሃው ጉዳይ ነው። ከጄኔ በላይ ታሎ የሚባል ቦታ ባኒ ላይ ግድብ ሊሠራ ሲታሰብ የጄኔ ሰዎች ተቃወሙ። ግድብ ሲባል እዚህ ጆሯችሁ ቀጥ እንደሚል አውቃለሁ! የላይኛው ሰው በድርቅ ተጎድቻለሁ፣ ማሳዬን ላጠጣ አለ። የታችኛው ጎርፌ ከቀነሰ ሩዜም ዓሣዬም አለቀ አለ። ግድቡ ተሠራ። እኔ ለታችኞቹ ባደላም የላይኞቹን አትፈልጉ ማለት ግን ይከብደኛል፤ እነሱም ሩዝ ገበሬዎች ናቸው።

ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።