ማሽኑ በምን እንደሞተ ሳናውቅ አዲስ አንግዛ

የተከበራችሁ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ የግዥና የንብረት ክፍል ኃላፊዎች፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ የሙያ አጋሮቼ የጥገና ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ስሠራ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነበረች። «የኦክስጅን ማሽኑ ይሠራል፤ የልጁ ከንፈር ግን እየጠቆረ ነው» አለችኝ። ስደርስ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል፣ የፍሰት መለኪያዋ ኳስም በትክክለኛው መሥመር ላይ ቆማለች። ነርሷ ልጁን አስቀድማ ወደ ኦክስጅን ሲሊንደር ስላዛወረችው ተረፈ። በመለኪያ ስፈትሸው ከቱቦው የሚወጣው አየር ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን መያዝ ሲገባው 40 እንኳ አልሞላም። ውስጡ ያለው፣ ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን የሚያስቀረው ማጣሪያ እርጥበት ገብቶት አልቋል። የማስጠንቀቂያ ድምፁም ከተበላሸ ቆይቷል።

ያ ማሽን በዚያው ዓመት አራት ጊዜ ተጠግኗል። አራቱንም ጊዜ «ተሠርቷል» ተብሎ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ሁለቱን ጊዜ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ፈጽሞ የሞተ ማሽን ማንንም አያታልልም፤ ጥግ ይይዛል፣ ሌላ ይፈለጋል። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን የሚከዳው ግን የሚከዳው ሰው አምኖ የተኛበት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «ይጠገን ወይስ ይተካ?» ብለን ስንሰበሰብ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ፦ ሲበላሽ ያስታውቃል? አስታውቆ የሚበላሽ ከሆነ፣ መለዋወጫውም ገበያ ላይ ካለ፣ ይጠገን። ሳያስታውቅ ታካሚ የሚጎዳ ከሆነና መንስኤውን ማግኘት ካልቻልን ግን፣ ጥገናው በነፃ ቢሆንም ከክፍሉ ይውጣ።

የሕክምና ዕቃን በግፊት እንፋሎት የሚያመክነውን አውቶክሌቭ ተመልከቱ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ክፍት ድስት ውስጥ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የክዳኑ ጎማ ያረጀ አውቶክሌቭ ግፊት ሳይዝ እንፋሎቱን እየነፋ የሚሠራ ይመስላል፤ 121 ዲግሪ ሳይደርስ የወጣ መቀስ ግን ንጹሕ አይደለም። ጎማው ርካሽ ነው፤ ቀይሩትና ቀጥሉ። በርሜሉ ራሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ብየዳ ቤት አትውሰዱት። ግፊት የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ሲፈነዳ አጠገቡ የምትቆመው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

በሙያችን «ጥገናው የአዲሱን ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተካው» የሚል የተለመደ መመዘኛ አለ። ይረዳል። ነገር ግን ማሽኑን የገደለው ነገር ከማሽኑ ውጭ ከሆነ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሞታል። አንድ ዓይነት የኦክስጅን ማሽን ለሦስት ቦታ ብንልክ በሦስት ዓይነት መንገድ ይወድቃል። መተማ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ሞተሩ ይቃጠላል፤ አቧራውም የአየር መግቢያውን ይደፍናል። ደባርቅ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ በቂ ኦክስጅን ለመሥራት ይቸገራል። እዚህ ጎንደር መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ቦርዱን ያቃጥለዋል። የመተማው የሚድነው በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ በደረቀ የአየር መግቢያ ስፖንጅ ነው፤ የጎንደሩ የመብራቱን ኃይል በሚያስተካክል ስታብላይዘር። የደባርቁን ግን ምንም ብንጠግነው አይሆንም፤ ገና ሲገዛ ለዚያ ከፍታ የተሠራ መሆን ነበረበት። በጨረታ ሰነዳችን ላይ የቦታው ከፍታ የሚጻፍበት መሥመር ይኑር። አንድ መሥመር ብቻ ነው የምለምነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምሮ 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል የሥልጠና፣ የአያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለት ነበሩ። አዲስ ማሽን እነዚህን በካርቶኑ ውስጥ ይዞ አይመጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለአዲሱ ስንሮጥ በ20 ደቂቃ ጽዳት የሚነሣውን መጋዘን ውስጥ እንቀብረዋለን።

ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጀምሮ የሰው ሐኪም ስታፈራ ኖራለች። የማሽኑን ሐኪም ግን ዛሬም ወደ ግዥ ስብሰባ የምንጠራው ዕቃው ከገባ በኋላ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። መለዋወጫው አገር ውስጥ አለ ወይ፣ ሪኤጀንቱን (የምርመራ ኬሚካሉን) የሚያቀርበው አንድ ሻጭ ብቻ ነው ወይ፣ የጥገና መመሪያው ከዕቃው ጋር ይመጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው። ፊርማው ከመፈረሙ በፊት ይጠራ።

ከሁሉም በላይ ግን ነርሶችን እፈልጋለሁ። ማሽኑ ስንት ሰዓት ላይ ቆመ፣ መብራት ሄዶ ነበር ወይ፣ ምን ድምፅ አሰማ፣ ታካሚ ላይ ነበር ወይ፤ ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ያን ሌሊት የደወለችልኝ ነርስ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጠርጥራው ነበር፤ የምትጽፍበት ቦታ ግን አልነበራትም።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተሮች አሉ። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ነው፤ ቀዳዳ አለው፣ ክርም አብሮት አለ፣ ከማሽኑ እጀታ ጋር ይታሰራል። ለክፍላችሁ የሚበቃውን ቆጥራችሁ ውሰዱ። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሮቹን ይዘን እንሰበሰብና የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው እንደሚወጣ እያነበብን እንወስናለን።

አመሰግናለሁ።